«ትከሻዬ የታለ?» እስክስታን በሁለት ስልክ ወደ አኒሜሽን ማስገባት

የአክስቴ ልጅ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ተወዛዋዥ ናት። ባለፈው ጥቅምት ለምሠራት አጭር አኒሜሽን እስክስታ አስፈለገኝና ለመንኳት። ግቢያችን ውስጥ ጨፈረችልኝ፣ እኔ በስልክ ቀረጽኳት። ቪዲዮውን እንቅስቃሴ ለሚያወጣ ሶፍትዌር ሰጠሁት። ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋት። ግራጫዋ አሻንጉሊት እግሯ ልክ ነው፣ እጇም ወገቧ ላይ ነው። ልጅቷ ዝም ብላ አየችና «አንተ፣ ትከሻዬ የታለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አሻንጉሊቷ ወዲህ ወዲያ ትላለች እንጂ እስክስታ አትመታም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት በትከሻ ብቻ ተጠምጄ ነበር። ያገኘሁትን እነሆ፣ ሌላ ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር።

መጀመሪያ ትከሻው የት እንደሚጠፋ እንይ። ከቪዲዮ እንቅስቃሴ የሚያወጡት ሶፍትዌሮች፣ ለምሳሌ ሮኮኮ ቪዥን ወይም ዲፕሞሽን፣ እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት አንድ አንድ ሥዕል) ላይ መገጣጠሚያዎችን ይፈልጋሉ። ክርን፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት። ትከሻ ለእነሱ ክንድ የሚጀምርበት ነጥብ ነው። ከአንገት ስር እስከ ትከሻ የሚዘረጋውን አጥንት ብዙም አያንቀሳቅሱትም። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ማለስለሻው ነው። ከቪዲዮ የወጣ እንቅስቃሴ ስለሚንቀጠቀጥ ይለሰልሳል። ትንሽ፣ ፈጣን፣ የሚደጋገም ነገር ሁሉ ስህተት ተብሎ ይጠፋል። እስክስታ ማለት ደግሞ ትንሽ፣ ፈጣን፣ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው! መሣሪያው ጭፈራውን ራሱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ያጸዳዋል ማለት ነው።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሰውነት ላይ የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ኳሶች ለጥፈው ዙሪያውን በብዙ የኢንፍራሬድ ካሜራ ያነባሉ። ትከሻም ላይ፣ ደረትም ላይ፣ ጀርባም ላይ ኳስ አለ። እኛ ኳሱም ካሜራውም የለንም። ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን።

ቀረጻ

ሁለት ስልክ ያስፈልጋል። አንደኛው ፊት ለፊት፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቆ፣ በወገብ ከፍታ ይቆማል። ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር መታየት አለበት። እጅ ሲዘረጋ ከፍሬም እንዳይወጣ ግራና ቀኝ ቦታ ተዉ። ሁለተኛው ስልክ ከላይ ወደ ታች ያያል። እኔ ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ብረት ላይ በፕላስተር አሰርኩት፣ እሷ ከስሩ ቆመች። ለምን ከላይ? ትከሻ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ፊት ለፊት ያለው ስልክ ያየዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል ግን ወደ ካሜራው መቅረብና መራቅ ስለሆነ ከፊት አይታይም። ከላይ ግን ሁለቱም ትከሻ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለቱንም ስልክ በሰከንድ 60 ፍሬም ላይ አድርጉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ትከሻ በሰከንድ 5 ጊዜ ቢመታ፣ በ25 ፍሬም ለአንዱ ምት 5 ሥዕል ብቻ ታገኛላችሁ። በ60 ግን 12። ፎከስና ብርሃኑን ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ ቆልፉት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ያስቸግራል፣ ጠዋት ወይም ደመና ሲሆን ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) የሰከንድ 1/100 ብታደርጉት ቪዲዮው አይርገበገብም።

ልብሱ ላይ ተጨቃጭቀናል። የሐበሻ ቀሚስ ጉልበትና ዳሌ ይሸፍናል፣ ሶፍትዌሩ ይሳሳታል። ታይትና እጅጌ የሌለው ጠባብ ካናቴራ ይሻላል። እሷ ግን «ቀሚስ ካለበስኩ አልጨፍርም» አለች። ነገሩ ገባኝ። ቀሚስና መቀነት አቋቋምን ይለውጣል። ታይቱ ላይ መቀነቷን አጥብቃ አሰረችና ተስማማን። ቀሚሱን በኋላ ብሌንደር በሚባለው ነፃ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ውስጥ በጨርቅ ሲሙሌሽን ለአሻንጉሊቷ አለበስናት።

አሁን ምልክቶቹ። ነጭ የቁስል ፕላስተር ላይ በማርከር ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ሦስት ይበቃል። ሁለቱ በሁለቱ ትከሻ ጫፍ፣ በጣት ሲነካ ጠንካራ አጥንት ያለበት ቦታ። ሥጋ ላይ ከተለጠፈ ቆዳው ይንሸራተታል፣ ንባቡም አብሮ ይሳሳታል። ሦስተኛው ከአንገት ስር፣ ከጀርባ በኩል፣ ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት ላይ። ጸጉር እንዳይሸፍነው ወደ ላይ ይታሰር። ይህን ሦስተኛውን እንዳትንቁት፣ ጥቅሙን አሁን ታያላችሁ።

ሲጀመር እጅ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሦስት ሰከንድ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ቲ-ፖዝ የሚሉት ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮክ ያለ ጭብጨባ። ከዚያ ከበሮው ይገባል። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ፊቷን ወደ ፊተኛው ካሜራ እንዳደረገች ትቆይ። ከዞረች የትከሻው ሒሳብ ይበላሻል።

ኮምፒውተር ላይ

ስልክ 60 ፍሬም ይላል እንጂ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱ ቪዲዮዎች ሲጀምሩ ገጥመው ሲጨርሱ የሚለያዩት ለዚህ ነው። ሁለቱንም በሃንድብሬክ አሳልፉና «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (የማይለዋወጥ ፍጥነት) 60 አድርጉ። ነፃ ሶፍትዌር ነው። በጭብጨባው ድምፅ አጋጥሟቸው፣ ከዚያ ሁለቱንም ቲ-ፖዙ ከሚጀምርበት ቦታ ቁረጡ።

የፊቱን ቪዲዮ ለሶፍትዌሩ ስጡት። የሚመልሰውን ፋይል ብሌንደር ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የብሌንደሩን ፍሬምሬት 60 አድርጉ። ከዚያ ግራፍ ኤዲተር (የእንቅስቃሴው መስመሮች የሚታዩበት መስኮት) ውስጥ በተርወርዝ የሚባለውን ማለስለሻ ተጠቀሙ፣ ግን ሁሉንም አጥንት በአንድ ቁጥር እንዳታለሰልሱ! የመቁረጫው ቁጥር በሰከንድ ስንት ጊዜ ከሚደጋገም እንቅስቃሴ በላይ ያለው እንዲጠፋ እንደምትፈልጉ የምትነግሩበት ነው። 3 ብትሉት በሰከንድ 5 ጊዜ የሚመታው ሁሉ ሄደ። እኔ ለዳሌና ለእግር 3 ወይም 4፣ ለደረትና ለአንገት 12 አደርጋለሁ። እግሩ መሬት ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ከዳሌ ጀምሩ፣ ከዚያ እግሩን በአይኬ (እግሩ ባለበት ጸንቶ ጉልበቱ ራሱ እንዲታጠፍ በሚያደርገው ዘዴ) መሬት ላይ ቸንክሩት።

አሁን ወደ ትከሻው። የላዩን ቪዲዮ ሙቪ ክሊፕ ኤዲተር (ብሌንደር ውስጥ ቪዲዮ ላይ ያለ ነጥብ የሚከታተለው መስኮት) ውስጥ ክፈቱ። ኮንትሮል ይዛችሁ ነጥቦቹን ክሊክ አድርጉ፣ ኮንትሮልና ቲ ስትጫኑ መከተል ይጀምራል። በየመካከሉ ይጠፋበታል። ወደ ጠፋበት ፍሬም ተመልሳችሁ በእጅ አስተካክሉና ቀጥሉ። 15 ሰከንድ 900 ፍሬም ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሜሪካዊው አኒሜተር ማክስ ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1915 ሮቶስኮፕ ለተባለው መሣሪያው የፓተንት ማመልከቻ ሲያስገባ ሥራው ከዚህ የባሰ ነበር። ወንድሙን ቀልደኛ ልብስ አልብሶ ቀረጸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ፍሬም በእጁ ገለበጠ። ሲሰለቸኝ እሱን አስታውሳለሁ።

ክትትሉ ሲያልቅ «ሊንክ ኤምፕቲ ቱ ትራክ» በሉት። ሦስት ተንቀሳቃሽ ነጥብ ታገኛላችሁ። የብሌንደሩን ካሜራ እንደ እውነተኛው ስልክ ወደ ታች ማዞር አትርሱ።

ትከሻው ሲንቀሳቀስ መላ ሰውነቱም አብሮ ይወዛወዛል። የትከሻውን ነጥብ ብቻ ከወሰዳችሁ የሰውነቱ ውዝዋዜ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ የጀርባውን ነጥብ እንቀንስበታለን። የአሻንጉሊቷን የትከሻ አጥንት ሮቴሽን (አዟዟር) ወደ ኦይለር፣ ማለትም በሦስት አቅጣጫ ተከፋፍሎ ወደሚቆጠረው ቀይሩ፣ የነበረውን ኪይፍሬም (በየፍሬሙ የተመዘገበውን እንቅስቃሴ) አጥፉ። ከዚያ ድራይቨር (አንዱን ነገር በሌላው የሚያንቀሳቅስ ቀመር) ጨምሩና ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት፦ ትከሻ ሲቀነስ ጀርባ፣ ሲቀነስ በቲ-ፖዝ ጊዜ የነበረው ርቀት፣ ውጤቱ በአንድ ቁጥር ይባዛ። ቁጥሩን ከትንሽ ጀምሩና ከቪዲዮው ጋር እያያችሁ ጨምሩ። ወደ ተቃራኒ ከሄደ የመቀነስ ምልክት አድርጉበት። ለሁለቱም ትከሻ ይህንኑ ድገሙ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚለውን ከፊቱ ቪዲዮ በዚሁ መንገድ ታወጣላችሁ፣ የጀርባው ነጥብ ከፊት ስለማይታይ ግን በእሱ ፋንታ ከፊት የሚታይ የአንገት ስር ቦታ ተከታተሉ። በመጨረሻ «ቤክ አክሽን» በሉትና ሁሉም ኪይፍሬም ይሁን።

ረንደር ስታደርጉ (የመጨረሻውን ቪዲዮ ስታወጡ) ከሁለት ፍሬም አንዱን ብቻ እያወጣችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም አድርጉት። 60 ለ30 እኩል ይካፈላል፣ ለ25 ግን አይካፈልም፣ ምቱ ይንገጫገጫል። ሞሽን ብለር (የእንቅስቃሴ ብዥታ) ክፈቱ፣ ያለዚያ ትከሻው የሚዘል ይመስላል።

ከረንደሩ በፊት ግን ለጨፈረው ሰው አሳዩት፣ ከነድምፁ። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ስታይ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ተከተለችው። «ግራው ይዘገያል» አለች። እኔ ምንም አይታየኝም። ገብቼ ሳየው የግራውን ትከሻ ሳስተካክል 3 ፍሬም አዘግይቼው ኖሯል። የሰከንድ አንድ ሃያኛ ነው። መለስኩትና እንደገና አጫወትኩላት። በዚህኛው ጊዜ ጣቷ ጠረጴዛውን ተወው፣ ትከሻዋ ወንበሩ ላይ እንዳለች መምታት ጀመረ።