ክራርን ለነፋስ መቃኘት፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ከተሰወሩ የተፈጥሮ ድምፆች ሙዚቃ ለመሥራት የተዘጋጀ መመሪያ

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የቀጠነውን የሌሊት ወፍ ጥሪ፣ ከዚያ በታች የወፈረውን የዝሆን ጉርምርምታ፣ እንዲሁም በግንድ፣ በሽቦና በውሃ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀረውን ንዝረት በየቀኑ በአጠገባችን እያለ ሳንሰማው እናልፈዋለን። ይህ መመሪያ እነዚህን ድምፆች በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ እንዴት መቅዳት፣ ለጆሮ በሚደርስ መልክ ማውጣትና ከእነርሱም አድማጭ ስለ አካባቢው እንዲጨነቅ የሚያደርግ ሙዚቃ መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል።

እኔ የጀመርኩት በተሳሳተው መንገድ ነው። ከሐረማያ ሐይቅ ዳር የቀዳሁትን ድምፅ ከሥር አንጥፌ፣ ከላዩ ክራርና ከበሮ ደርቤበት በአንድ ትምህርት ቤት አሰማሁ። ተማሪዎቹ በጭብጨባ ተቀበሉት፤ ይሁንና ስለ ክራሩ እንጂ ስለ ሐይቁ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ሐይቁን ምንጣፍ አድርጌ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፦ ክራሩ ለነፋሱ ይቃኛል እንጂ ነፋሱ ለክራሩ አይቃኝም።

የተፈጥሮ ድምፅ ያለ ብዙ ጌጥ ሰውን ማንቀሳቀስ እንደሚችል ከሩቅ አገር የመጣ ማስረጃ አለ። ተመራማሪው ሮጀር ፔይን እ.ኤ.አ. በ1970 የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎችን ዝማሬ በሸክላ ሲያሳትም አጃቢ መሣሪያ አልጨመረበትም፤ አንደኛው ቅጂ ፍጥነቱ ተቀንሶ ከመቅረቡ በቀር ዝማሬው እንዳለ የተተወ ነበር። ሕዝቡ ዓሣ ነባሪን የዘይትና የሥጋ ምንጭ ከማድረግ አልፎ እንደሚዘምር ፍጡር ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ1982 ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ። ውሳኔው የብዙ ሰዎች ትግል ውጤት ቢሆንም የዚያ ሸክላ ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ሥራውን በሽቦና በግንድ ውስጥ ካለው ንዝረት እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ መሣሪያው ርካሽ ነውና። ፒየዞ የሚባለው ስስ የናስ ክብ በማንቂያ ደወልና በአሮጌ የሕፃናት መጫወቻ ውስጥ ይገኛል፤ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይም በማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ቢጠይቁ አያጡትም። አንድ ቀጭን ሽቦ በናሱ ጠርዝ፣ ሌላውን ደግሞ በመካከሉ ባለው ነጭ ክፍል ላይ ያስበይዱ፤ በሌላው ጫፍ የማይክሮፎን ጃክ ያስገጥሙ። ፒየዞውን በቀጥታ ስልክ ላይ ከሰኩት ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ቀጭኑ ብቻ ስለሚቀር፣ በመካከሉ ፕሪአምፕ የሚባለውንና ጊታር ተጫዋቾች የሚጠቀሙበትን አነስተኛ ማጉያ ማስገባት ይሻላል። ሲቀዱም ፋይሉ ዌቭ በሚባለው ዓይነት እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ኤምፒ3 የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ሲል ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በትክክል ያንን ነው።

ከሐረማያ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ደንገጎ አፋፍ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። እዚያ ካለ የእርሻ አጥር ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ ፒየዞውን በልብስ መቆንጠጫ ከሽቦው ጋር አያያዝኩት። በባዶ ጆሮ የሚሰማው የነፋስ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ ግን ሽቦው እንደ በገና እየነዘረ ያንጎራጉር ነበር፤ ነፋሱ ሲበረታ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል፣ ነፋሱ ቆሞም ጥቂት ይቆያል። በመካከሉ አንዲት ትንሽ ወፍ መጥታ ሽቦው ላይ አረፈች፤ ጥፍሮቿ ሲጨብጡት ሁለት ጥርት ያሉ ምቶች ተሰሙ፣ ከዚያም እስክትበር ድረስ ሽቦው ታፍኖ ቆየ። የዚያች ወፍ ሁለት ምት ዛሬም በሥራዬ ውስጥ ምንም ሳይነካ አለ። በዚሁ መንገድ የግራር ግንድ ላይ ቢሞክሩ የቅርንጫፎቹን መፋተግና እንጨት የሚቦረቡሩትን ነፍሳት ያገኛሉ፤ ግንዱን ግን አይብሱት፣ በላስቲክ ማሰር ይበቃል።

ፒየዞውን ሙሉ በሙሉ በሲሊኮን ማጣበቂያ ሸፍነው ካደረቁት በውሃ ውስጥም ይሠራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በውሃ ውስጥ ወደ 1,480 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከሐረማያ ሐይቅ ዳር ሁለት ሜትር ያህል ገብቶ የተቀመጠ መቅጃ ከሩቅ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። በቀትር፣ ፀሐይ ስትበረታ፣ የውሃ ውስጥ ዕፀዋት የሚለቁት ኦክስጅን በትንንሽ አረፋ ሲወጣ ይንቆረቆራል፤ የውሃ ነፍሳት አካላቸውን እያፋተጉ ይጣራሉ፤ ከዚህ ሁሉ ላይ የመስኖ ፓምፕ ሞተር ሲነሣ ሌላው ይዋጣል። የፓምፑን ድምፅ ቆርጠው አይጣሉት። ይህ ሐይቅ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውሃ፣ ለከተሞች የሚወሰደውና ከተራቆተው ተዳፋት እየታጠበ የሚገባው ደለል ተደማምረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ አደረቁት። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። ሐይቁ ከመድረቁ በፊት ውስጡ ምን ይሰማ እንደነበር እኔ በእጄ ያለ ቅጂ የለኝም፤ ስለዚህ በዜማዬ ውስጥ ለዚያ ዘመን የተውኩት ሙሉ ጸጥታ ነው፣ አርባ ሴኮንድ።

ለድሬዳዋ ደግሞ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ዝናቡ የጣለው ግን በአብዛኛው ከተማው ላይ ሳይሆን ደን በተመናመነበት ደጋ ላይ ነበር። ደራሽ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ወፍራም ንዝረቱ በመሬት ውስጥ ይተላለፋል። ይህን ለመቅዳት ፒየዞውን ከአንድ የብረት ዘንግ ጋር አስረው ዘንጉን ከአፋፉ በላይ ባለው ጠንካራ መሬት ውስጥ ይትከሉት፤ መቅጃውን እዚያው ትተው ይራቁ። በክረምት፣ ሰማዩ ድሬዳዋ ላይ ጥርት ቢል እንኳ፣ ለቅጂ ብለው ወደ አሸዋው አይውረዱ። ቤተሰቡን በዚያ ሌሊት ያጣ ሰው በከተማው ውስጥ አሁንም ስላለ፣ ይህን ድምፅ በአደባባይ ከማሰማትዎ በፊት ምን እንደሆነ አስቀድመው መናገር ግዴታዎ ነው።

ከጆሯችን በላይ የሆነው ድምፅ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል። አንድን ድምፅ ለመያዝ መቅጃው በሴኮንድ የሚወስደው ናሙና ከድምፁ ርግብግቢት ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ስልክ ብዙውን ጊዜ 48,000 ናሙና ስለሚወስድ ከ24,000 ሄርዝ (በሴኮንድ 24,000 ርግብግቢት ማለት ነው) በላይ ያለውን ፈጽሞ አይዝም፤ በ45,000 ሄርዝ የሚጣራ የሌሊት ወፍ በስልክ ቅጂ ውስጥ የለም። ኦዲዮሞት የተባለው የኪስ መጠን ያለው መቅጃ እስከ 384,000 ናሙና ይወስዳል፤ ለብቻ መግዛት የሚከብድ ከሆነ በክበብ ተዋጥተው ይግዙት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነፍሳት በሚሰበሰቡበት የመንገድ መብራት አጠገብ ይስቀሉት። ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከፍተው ፍጥነቱን ወደ አንድ አሥረኛ ሲያወርዱት 45,000 የነበረው 4,500 ይሆንና እንደ ወፍ ጭውጭውታ ይሰማል። የሌሊት ወፏ ነፍሳቱን ልትይዝ ስትቃረብ ጥሪዎቿ እየተቀራረቡ፣ እየተጣደፉ ይመጡና መጨረሻ ላይ አንድ ርግብግቢት ይሆናሉ፤ ከበሮ መቺ ምቱን እያጠበቀ የሚሄድበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሙዚቀኛ ይህን ሲሰማ ሌላ ምት መፈለጉን ይተዋል።

ቲማቲምም ይጮኻል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳተሙት፣ ውሃ የተጠማ ወይም የተቆረጠ የቲማቲምና የትምባሆ ተክል ከ40,000 እስከ 80,000 ሄርዝ ድረስ ባለው መጠን በሰዓት ከ30 እስከ 50 የሚሆን የመፈንዳት ድምፅ ያሰማል፤ ውሃ የጠገበው ግን በሰዓት አንድ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ፣ እንደሚታመነው፣ በተክሉ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ በሚያወጡት ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ የአየር አረፋ ተፈጥሮ መፈንዳቱ ነው። ይህን በቤትዎ ማድረግ ይችላሉ፦ ሁለት የቲማቲም ችግኝ በማሰሮ ይትከሉ፣ አንዱን ያጠጡ፣ ሌላውን ለጥቂት ቀናት ይከልክሉት፣ ከዚያም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መቅጃውን በአሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያድርጉ። ሲያዘገዩት እንደ ፈንዲሻ ቷ ቷ ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱን ምት ድምፅ ማወፈር አንድ ሥራ ሲሆን፣ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በሰዓት 36 ምት ማለት በየ100 ሴኮንዱ አንድ ነው፤ አንዱን ሰዓት ወደ ስድስት ደቂቃ ካጠሩት በየአሥር ሴኮንዱ አንድ ይሆናል። ሁለቱንም ማድረግ ይፈቀዳል፤ ማድረግዎን ለአድማጭ ሳይነግሩ መቅረት ግን አይገባም። ችግኙንም ከቅጂው በኋላ ያጠጡት።

ከጆሯችን በታች ስላለው ድምፅ አጭር ነገር እላለሁ። ተመራማሪዋ ኬቲ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1984 በፖርትላንድ መካነ እንስሳት ከዝሆኖች አጠገብ ቆማ በአየሩ ውስጥ የሚመታ ነገር ተሰማት፤ በኋላ ሲመረመር ዝሆኖቹ ሰው በማይሰማው ድምፅ እየተነጋገሩ ነበር። የጥሪያቸው መነሻ ከ14 እስከ 24 ሄርዝ ስለሆነ፣ ፍጥነቱን አራት እጥፍ ቢያደርጉት ይሰማል። ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመና 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ነው፤ ሰፈራና እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋው ይገኛል። ያለ ፈቃድና ያለ ጥበቃ ሠራተኛ አይግቡ። መግባት ካልቻሉ ከኢንተርኔት የሌላ አገር ዝሆን አውርደው የባቢሌ ነው አይበሉ፤ አንድ የሐሰት ድምፅ ከተገኘ የቀሩት እውነተኞች ሁሉ ይጠረጠራሉ። ሐረር ሲባል ብዙ ሰው ጅብ ይዘህ ና ይለኛል፤ ጅብ ግን ራሱን የሚያሰማ ስለሆነ ከዚህ መመሪያ ውጭ ትቼዋለሁ።

ወደ ድርሰቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ መሣሪያዎን አይንኩ። ቅጂውን ለሦስት ቀን ብቻውን ያድምጡ። ከዚያ በኦዳሲቲ የድምፅ ሥዕል (ስፔክትሮግራም) ላይ በብዛት የሚመላለሱትን ድምፆች ይለዩና ከክራር ክር ጋር ያስተያዩ። የደንገጎው ሽቦ የሚያርፍበትን ዋና ድምፅ መነሻ አድርጌ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ቅኝቶች የትኛው እንደሚቀበለው ስሞክር አንቺሆዬ ቀረበ፤ ሆኖም አንደኛው ክር ከተለመደው ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት። ዝቅ አደረግኩት። ሶፍትዌሩ ሽቦውን በአንድ ጠቅታ ወደ ክራሩ ሊያመጣው ይችል ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ ግን አድማጩ የሚሰማው ደንገጎን ሳይሆን ፕሮግራሙን ነው። መሣሪያው የሚገባው የተፈጥሮው ድምፅ ትንፋሽ ሲወስድ ነው፤ ሲመለስ መሣሪያው ዝም ይላል። ከአምስት ደቂቃ ሥራ ውስጥ የክራሬ ድርሻ ከአንድ ደቂቃ በልጦ አያውቅም።

ሥራውን ሲያሰሙ ከቦታው አጠገብ ቢሆን ይመረጣል፤ የሐይቁን ድምፅ ሐረማያ ላለ ገበሬ፣ የደቻቱን ድሬዳዋ ላለ ተማሪ። ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳና ምን ያህል እንደተለወጠ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ ይነገር። ካበቃ በኋላም የጆሮ ማዳመጫውን ለአድማጩ ሰጥተው ፒየዞውን በገዛ እጁ ውሃው ውስጥ እንዲያስገባ ይፍቀዱለት። ባለፈው ጊዜ አንድ አዛውንት ገበሬ እንዲህ አድርገው ካደመጡ በኋላ የጎረቤታቸውን ፓምፕ በጣታቸው እያመለከቱ «ያ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ነው አልኳቸው፤ ማዳመጫውንም ሳያወልቁ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ያልተነካውን ዋና ቅጂ ለብቻ ያስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመቅጃውን ዓይነት ይጻፉ፣ ሁለተኛ ግልባጩንም ሌላ ሰው ቤት ያኑሩ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መቅጃውን በዚያው ልክ አድርገው እንደገና ይቅዱ።