ጫማ የሚቆልፈው ፔዳል ሲያስቸግር

ጫማ የሚቆልፍ የብስክሌት ፔዳል እየተለማመደ የወደቀ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ የሚገኘው ተረከዙ፣ የፔዳሉ ሞላ ወይም ጫማው ሥር ያለውን ክሊት፣ ማለትም ፔዳሉ ውስጥ የሚቆለፈውን ቁራጭ፣ የያዙት ብሎኖች ላይ ነው።

ልቁም ስትሉ ትወድቃላችሁ

አንዱ ምክንያት እግርን ወደ ላይ መሳብ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ይህን ፔዳል ሲያወጣ መነሻው የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ማሰሪያ ነበር፤ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖም በማግስቱ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በዚሁ ፔዳል ነው። ፔዳሉ ሲስቡት አጥብቆ ይይዛል፤ የሚለቀው ሲጠመዝዙት ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ተረከዛችሁን ወደ ውጭ አዙሩ።

ሌላው ምክንያት መዘግየት ነው። ጎማው ከቆመ በኋላ እግር ለማውጣት መታገል ለመውደቅ መዘጋጀት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከፊታችሁ ያለው ታክሲ ለወራጅ ወደ ዳር መጠጋት ሲጀምር እግራችሁ ወጥቶ መሆን አለበት፤ እስኪቆም አትጠብቁ። በአገራችን መኪና በግራችን ስለሚያልፍ የቀኝ እግርን አስቀድሞ ማውጣት ልማድ ይሁን። ስትቆሙም ክብደታችሁ ወደ ወጣው እግር ያዘንብል። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ከዚያ ሣር ሜዳ ላይ፣ እግራችሁ ሳታዝዙት እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

ብትጠመዝዙም አይለቅም

ሞላው ከርሮ ይሆናል። ፔዳሉ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ትንሽ ብሎን ወደ መቀነስ አዙሩት። በሁለቱም ገጽ የሚቆልፍ ፔዳል ለየገጹ የራሱ ብሎን ስላለው አንዱን አላልታችሁ ሌላውን እንዳትረሱ።

የጃፓኑን ኩባንያ የሺማኖን ባለ ሁለት ብሎን ክሊት የምትጠቀሙ ከሆነ ኤስኤች 51 የሚለቀው ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ብቻ ነው፤ ኤስኤች 56 ግን በሌሎች አቅጣጫዎችም ይለቃል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የሚያሰጋው የላላ ብሎን ነው። ጫማው ይዞራል፣ ክሊቱ ግን ፔዳሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ጉልበት ብትጨምሩ ምንም አይፈይድም። መንገድ ላይ ይህ ከገጠማችሁ አትታገሉ፤ ፍጥነት ቀንሳችሁ በሌላው እግር ቁሙና የጫማውን ማሰሪያ ፈትታችሁ እግራችሁን አውጡ። ቤት ስትደርሱ ብሎኖቹን ግራሶ ቀብታችሁ አጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና ፈትሿቸው። አዲስ ክሊት ሲገጠም ይህን ፍተሻ መዝለል አይገባም።

አልገባ ይላል

በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ጠጠር ክሊቱን ይደፍነዋል፤ በእንጨት ጫፍ አጽዱት። የአስፋልት ብስክሌት ፔዳል አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሎ ስለሚንጠለጠል የጫማውን ጫፍ አስቀድማችሁ ካስገባችሁ በኋላ ወደ ታች ተጫኑት።

ሳታስቡት ይወጣል

ሞላው ላልቷል ወይም ክሊቱ አልቋል። የፕላስቲክ ክሊት ሲሚንቶ ላይ ሲራመዱበት ቶሎ ያልቃል። ያለቀ ክሊት ይቀየራል እንጂ ሞላ በማክረር አይታከምም።

ጉልበት ያማል፣ ጣት ይደነዝዛል

ጣት ሲደነዝዝ ክሊቱን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ተረከዝ መልሱት። የጉልበት ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ክሊቱ እግርን ከተፈጥሮ አቅጣጫው ውጭ ሲያስር ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንጠልጥሉ፤ የእግራችሁ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ አይታችሁ ክሊቱን በዚያው አቅጣጫ እሰሩ። ጀማሪ እግሩ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ ክሊት ያስፈልገዋል። ስትገዙ በቀለሙ እንዳትሳሳቱ፦ ሉክ ኬኦ በተባለው ክሊት ቀዩ 9 ዲግሪ እንቅስቃሴ ሲፈቅድ፣ ኤስፒዲ ኤስኤል በተባለው የሺማኖ ክሊት ግን ቀዩ ምንም አይፈቅድም፤ 6 ዲግሪ የሚፈቅደው ቢጫው ነው።

ማንኛውንም ክሊት ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ፤ ለውጡ ካልተስማማችሁ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። ክሊቱ ተስተካክሎም ሕመሙ ካልተወ የኮርቻውን ከፍታ ፈትሹ፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትን ፊት ያሳምማል።