ሄልዝ ኤዱኬሽን ልትማሩ ነው? መጀመሪያ የኮርሶቹን ዝርዝር እዩ

አሜሪካ ገብቶ ትንሽ የተረጋጋ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል። "አገር ቤት ጤና ላይ ነበር የምሠራው። ነርሲንግ አልፈልግም። ሄልዝ ኤዱኬሽን ይሻልሃል ይሉኛል፤ እንዴት ነው?" መልሱ ረጅም ነው። በስልክ መደጋገሙ ስለታከተኝ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ይህንኑ እልካለሁ።

የጤና ትምህርት ባለሙያ አያክምም፣ መርፌ አይወጋም። የአንድ ማኅበረሰብ የጤና ችግር ምን እንደሆነ ያጠናል፣ ፕሮግራም ይነድፋል፣ ያስተምራል፣ ለውጥ መምጣቱን ይለካል። የሚቀጥሩት የካውንቲ ጤና ቢሮዎች፣ ሆስፒታሎች፣ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችና ኖን ፕሮፊት ድርጅቶች ናቸው። ለእኛ ለመጤዎቹ ትልቁ ነገር የስቴት ላይሰንስ አለመጠየቁ ነው። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሆኖ የመጣ ሰው ከስቴቱ ቦርድ ጋር ስንት ዓመት ሲጓተት አይተናል። ጤና መኮንን የነበረ ደግሞ ጭራሽ ሙያውን በስሙ የሚያውቅለት ቦርድ የለም። እዚህ ግን ያ ሁሉ ጣጣ የለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የጤና መምህር እሆናለሁ ካላችሁ ብቻ ነገሩ ሌላ ነው፤ የስቴቱ የመምህርነት ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል።

ገንዘቡንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሜይ 2023 መረጃ መሠረት የጤና ትምህርት ባለሙያ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 62,860 ዶላር ነበር። የነርስ 86,070 ነበር። ስለዚህ ዋናው ጉዳያችሁ ገንዘብ ከሆነ "ነርሲንግ ግባ" እያሉ የሚያሰለቿችሁ አክስቶቻችሁ ልክ ናቸው። ስሟቸው። የሌሊት ተረኛ መሆን የማይሆንላችሁ፣ ከሰው ጋር ማውራትና ማስተማር የምትወዱ ከሆናችሁ ግን ቀጥሉ።

ላይሰንስ የለም ማለት ወረቀት አይጠየቅም ማለት አይደለም። ቼስ (CHES) የሚባል የጤና ትምህርት ባለሙያነት ሰርተፊኬት አለ። የሚሰጠው ኤንቼክ (NCHEC) የተባለው የሙያው ብሔራዊ ኮሚሽን ነው። ሕግ አያስገድዳችሁም። የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ግን "ቼስ ያለው ይመረጣል" የምትለዋ መስመር አትጠፋም። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ቢያንስ ባችለር ዲግሪ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ወይ ሜጀራችሁ ጤና ትምህርት መሆኑ ትራንስክሪፕቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ወይ ደግሞ በሙያው ስምንት የኃላፊነት ዘርፎች ላይ ያተኮሩ ቢያንስ 25 የሴሚስተር ክሬዲት መውሰድ አለባችሁ። በኳርተር ለሚቆጥር ትምህርት ቤት 37 ነው። ስምንቱ ዘርፎች እነዚህ ናቸው፦ የማኅበረሰቡን ፍላጎትና አቅም መዳሰስ፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ ግምገማና ምርምር፣ አድቮኬሲ፣ ኮሙኒኬሽን፣ አመራርና ማኔጅመንት፣ ሥነ ምግባርና ሙያዊነት። ይህቺን ዝርዝር ስልካችሁ ላይ አስቀምጧት። አሁን ትፈለጋለች።

እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ እዚህ ላይ ነው። ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥም፣ በኦንላይን የሚሰጥ "ሄልዝ ሳይንስ" የሚባል ዲግሪ አገኘሁ። አክሬዲትድ መሆኑን አጣራሁ፤ ነው። የምዝገባ ክፍሏ ሴትዮ መደወል አታቋርጥም። "እኔ ሄልዝ ኤዱኬተር መሆን ነው የምፈልገው፤ ይሄ ያስኬደኛል?" ብዬ ጠየቅኋት። "በደንብ እንጂ! ሁሉም ሄልዝ ነው" አለችኝ። ተመዘገብኩ።

ምን ተማርኩ? አናቶሚ። የሕክምና ቃላት። የጤና ሕግ። የሆስፒታል አስተዳደር። የኢንሹራንስ አከፋፈል። አንዱም መጥፎ ኮርስ አይደለም። ከስምንቱ ዘርፎች ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ተመርቄ ለቼስ ለማመልከት ትራንስክሪፕቴን ከዝርዝሩ ጋር ሳስተያይ የሚቆጠርልኝ ክሬዲት ከግማሽም በታች ሆነ። የፍላጎት ዳሰሳ የለም። የፕሮግራም እቅድ የለም። ግምገማ የለም። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ፈተናው ላይ ግን መቀመጥ አልችልም።

ይባስ ብሎ የጎደሉትን ኮርሶች ብቻ ለመውሰድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ "ነን ዲግሪ ተማሪ" ተባልኩ። ለዲግሪ ያልተመዘገበ ተማሪ ደግሞ በተለምዶ የፌዴራል ድጎማም ብድርም አያገኝም። ከኪሴ ከፈልኩ። የመጀመሪያው ዲግሪ ብድር በጎን እየቆጠረ። ለሴትዮዋ ደወልኩ፤ ሥራ ለቃለች አሉኝ።

ስለዚህ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ የምዝገባ ክፍልን እንዲህ ያለ ጥያቄ አትጠይቁ። የእነሱ ሥራ ማስመዝገብ ነው። የዲፓርትመንቱን ኃላፊ ወይም አካዳሚክ አድቫይዘሩን በኢሜይል ጠይቁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። "ከዚህ ፕሮግራም የተመረቁ ተማሪዎች ለቼስ ይቀመጣሉ ወይ? የትኞቹ ኮርሶች ለ25ቱ ክሬዲት ይቆጠራሉ?" በሉ። ፕሮግራሙ በእርግጥ ለዚህ የሚያዘጋጅ ከሆነ ዝርዝሩን ወዲያው ይልኩላችኋል። "በአጠቃላይ ሲታይ" እያሉ ከተሽኮረመሙ ተዉት። የዲግሪው ስም "ኮሚዩኒቲ ሄልዝ" ሊሆን ይችላል፣ "ሄልዝ ፕሮሞሽን" ሊሆን ይችላል፣ "ፐብሊክ ሄልዝ" ሊሆን ይችላል። ስሙን ሳይሆን ኮርሱን እዩ። ፕሮግራሙ ሴፍ በሚባለው የሕዝብ ጤና ትምህርት አክሬዲቴሽን ምክር ቤት ዕውቅና ያለው ከሆነ ደግሞ ልባችሁ በመጠኑ ይረፍ። በመጠኑ ነው ያልኩት።

አገር ቤት ዲግሪ ያላችሁ፣ ሁለተኛ ባችለር አትጀምሩ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ግን አጥብቄ የያዝኩት አስተያየት ነው። ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ ቀጥታ ማስተርስ ግቡ፤ የሚጎድሉትን ክሬዲቶች እዚያው ውስጥ ትወስዳላችሁ። ስታስገመግሙ ናሴስ (NACES) የተባለው የውጭ ዲግሪ ገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ተቋም ምረጡ። ርካሹን አጭር ኢቫሉዌሽን አትግዙ። እሱ "ይህ ሰው ባችለር አለው" ብሎ ያበቃል። እናንተ የምትፈልጉት እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱ የሚዘረዝረውን ነው። ርካሹን ገዝቶ ተመልሶ ውድ የገዛ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ማስላክ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስቱደንት ኮፒ ይዞ መጥቶ "ይኸው አለኝ" የሚል ሰው ያናድደኛል። ስቱደንት ኮፒ አይሠራም። ከሬጅስትራሩ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው የሚፈለገው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ኮስት ሼሪንጋችሁን ጨርሳችሁ መሆን አለበት። ገና ያልመጣችሁ ካላችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱት። የመጣችሁ፣ እግር ላለው ዘመድ ውክልና ላኩ። እግር ያልኩት በምክንያት ነው፤ ስልክ ብቻውን ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ምንም አያንቀሳቅስም።

ጅማ የተማራችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) ብላችሁ የወጣችሁበት፣ ቤት ለቤት መረጃ የሰበሰባችሁበት፣ ችግሩን ለይታችሁ እቅድ ያወጣችሁበት፣ ተመልሳችሁ እቅዱን ሥራ ላይ ያዋላችሁበት ሥራ አለ አይደል? እሱ ቁጭ ብሎ የፍላጎት ዳሰሳና የፕሮግራም እቅድ ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን አራት ፊደል ብቻ ናት። እዚህ ያለ ገምጋሚ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? የኮርሱን መግለጫ ከዲፓርትመንቱ አስወጥታችሁ አብራችሁ አስገቡ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁም በቡድን መስክ የወጣችሁበት ኮርስ ካለ እንደዚሁ።

ስለ ገንዘብ ድጋፍ ባጭሩ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ገንዘብ ግን ባችለር ለሌለው ሰው ነው፤ የኢትዮጵያውም ባችለር ይቆጠራል። "አገር ቤት ዲግሪ የለኝም በል፣ ማን ያውቃል" የሚሏችሁን ብልጦች አትስሙ። ፎርሙ ላይ የምትፈርሙት ለፌዴራል መንግሥት ነው። ቆይታችሁ ያንኑ ዲግሪ ለማስተርስ ስታቀርቡ ደግሞ ማን እንዳወቀ ታያላችሁ። ዲግሪ የሌላችሁ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሩ። የስቴት ነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በብዙ ቦታ አንድ ዓመት መኖር ይጠበቅባችኋል፤ ስለዚህ ቤት ኪራይ ውላችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን ቶሎ በስማችሁ አድርጉ።

ገና ዲግሪ ሳይኖራችሁ በሩን ማንኳኳት ከፈለጋችሁ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆናችሁ መግባት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ሃይስኩል መጨረስና አጭር ሥልጠና ይበቃል። ክፍያው ዝቅ ይላል፣ በ2023 መካከለኛው 48,200 ዶላር ነበር። ግን ከውስጥ ሆኖ ማደግ ከውጭ ሆኖ ከማመልከት መቶ ጊዜ ይቀላል።

የቼስ ፈተና በዓመት ሁለቴ ነው፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር። 165 የምርጫ ጥያቄ፣ 3 ሰዓት። የእኛን ሰዎች የሚጥላቸው እንግሊዝኛው ብቻ አይመስለኝም። ለምሳሌ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አስቡ፦ በአንድ ሰፈር ወጣቶች ዘንድ ሲጋራ ማጨስ ጨምሯል፤ ባለሙያው በመጀመሪያ ምን ያድርግ? በራሪ ወረቀት ይበትን? ትምህርት ቤት ሄዶ ያስተምር? ሕግ እንዲወጣ ይጠይቅ? ስለ ችግሩ መረጃ ይሰብስብ? አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሠራ ሰው እጁ ቀጥታ "ያስተምር" ላይ ይሄዳል፤ ስንሠራ የኖርነው እሱን ነዋ። መልሱ መረጃ መሰብሰብ ነው። "በመጀመሪያ" የምትል ቃል ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ።

ካለፋችሁ በኋላ በየ5 ዓመቱ 75 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠበቅባችኋል። ነፃ ዌቢናር ሞልቷል፤ መጨረሻው ዓመት ላይ አታከማቹት።

ሥራ ፍለጋ ላይ ሲቪያችሁን አስተካክሉ። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ "ያገባ" የሚል ነገር ይውጣ። "የጤና ኤክስቴንሽን ሱፐርቫይዘር" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ፕሮግራሙ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረ መሆኑን፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠልጣኝ ሴቶች ተመድበው ቤት ለቤት የሚያስተምሩበት መሆኑን፣ እናንተ ስንት ቀበሌ እንደምትቆጣጠሩ በአንድ መስመር ጻፉ። ይህን የሚሰማ የካውንቲ ኃላፊ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል።

ሌላው ናሙና ሥራ ይዛችሁ ሂዱ። አንዲት የማውቃት ልጅ ኢንተርቪው ላይ በአማርኛ የተተረጎመ የስኳር በሽታ በራሪ ወረቀት ይዛ ገባች። ቃሉ አማርኛ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ለአንድ ሰው የቀረበ ሰሃን፣ ግማሹ ሰላጣ፣ ሩቡ ዶሮ፣ ሩቡ ሩዝ። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። "ሩብ ሰሃን" ስንት እንጀራ ነው? እሷ ራሷ የሠራችውን ሌላ ወረቀት አጠገቡ አስቀመጠች፤ ከትሪው ላይ የራስን ድርሻ አስቀድሞ ለይቶ ስለማስቀመጥ የሚያሳይ ነበር። ሥራውን አገኘች።

አማርኛችሁ ዋጋ አለው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ግን ተጠንቀቁ። ሄልዝ ኤዱኬተር ሆናችሁ ትቀጠሩና ቀስ በቀስ የቢሮው ነፃ አስተርጓሚ ትሆናላችሁ። ሐኪሙ ይጠራችኋል፣ እንግዳ መቀበያዋ ትጠራችኋለች፣ የራሳችሁ ፕሮግራም ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። የሕክምና ትርጉም የራሱ የ40 ሰዓት ሥልጠና ያለው ሌላ ሙያ ነው። ማስተርጎም ሥራ መደባችሁ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ከተጻፈ ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪ የሚከፈል ተጨማሪ ክፍያ ካለ ጠይቁ። ብዙ መሥሪያ ቤት አለው። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም።