ብርቅ የሶል ሸክላ አሰባሰብ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ታነባላችሁ?

በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተቀዳው የሶል ሙዚቃ አብዛኛው ለሕዝብ የደረሰው በአልበም ሳይሆን በደቂቃ 45 ጊዜ በምትሽከረከረው ትንሿ ባለ 45 ሸክላ ነው። ስፋቷ ሰባት ኢንች ነው፤ መሃሏ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አላት፤ በየገጿ አንድ አንድ ዘፈን ትይዛለች። በዲትሮይት፣ በቺካጎ፣ በሜምፊስ፣ በፊላደልፊያና በዋሽንግተን የነበሩ ጥቃቅን አሳታሚዎች ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ቅጂ ያሳትሙና ሬዲዮ ካላጫወተላቸው ሥራውን ይተዉት ነበር። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያኔ ገዢ ያጣውን ነው። ሬዲዮ ስላላጫወተው፣ ጋዜጣም ስላልጻፈለት ስለ እሱ የሚመሰክረው በአብዛኛው ሸክላው ራሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለመደው ማዳመጥ ሳይሆን ማንበብ ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብርቅ ሌላ፣ ውድ ሌላ

የዳሬል ባንክስን «ኦፕን ዘ ዶር ቱ ዩር ሃርት» እንውሰድ። በ1966 ሬቪሎት የተባለው የዲትሮይት አሳታሚ አውጥቶት ብዙ የተሸጠ ዘፈን ስለሆነ የአሜሪካው ቅጂ ዛሬም በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ለንደን የተባለው አሳታሚ ሊያወጣው ከተዘጋጀ በኋላ መብቱ ወደ ስቴትሳይድ ዞረ። ከለንደን ኅትመት የተረፈ አንድ ቅጂ በ2014 በ14,543 ፓውንድ ተሸጧል። ዘፈኑ ያው ነው፤ ዋጋውን የለየው በሸክላው መሃል ባለው ክብ ወረቀት ላይ ያለው የአሳታሚ ስም ነው።

የፍራንክ ዊልሰን «ዱ አይ ላቭ ዩ» ደግሞ በ1965 በታዋቂው የዲትሮይት አሳታሚ በሞታውን ሥር በነበረው «ሶል» በተባለ መለያ፣ በቁጥር 35019 ታትሞ ሳይሰራጭ ቀረ። የሚታወቁት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ አንዱ በ2009 በ25,742 ፓውንድ ሄዷል። ዘፈኑን መስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሞታውን የእንግሊዝ መለያ የሆነው ታምላ ሞታውን በ1979 እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው፣ ቁጥሩ ቲኤምጂ 1170 የሆነው ቅጂ ይበቃዋል። እሱን በመግዛት የሚታፈርበት ምክንያት የለም።

ዋጋውን በአብዛኛው የሚተምኑት የእንግሊዝ ገዢዎች ናቸው። እንደ ማንቸስተሩ ትዊስትድ ዊልና ከ1973 እስከ 1981 እንደሠራው ዊጋን ካሲኖ ባሉ የጭፈራ ቤቶች ዲጄዎቹ ማንም ያልሰማውን ፈጣን የሶል ዘፈን ለማግኘት ይፎካከሩ ነበር፤ የዛሬው ገበያም ያንን ጣዕም ወርሷል። ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው። ለጭፈራ የማይሆነው ቀርፋፋ የፍቅር ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው። የዘፋኙ አቅም በደንብ የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ስለሆነ ሁለተኛውን ገጽ ሳትሰሙ አትለፉ።

ሁሉን ልሰብስብ የሚል ሰው ገንዘቡ ያልቃል እንጂ እውቀት አያካብትም። አንድ ከተማ ወይም አንድ አሳታሚ ምረጡ። በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ ሽራይን አለላችሁ። ሽራይንን በ1960ዎቹ አጋማሽ ያቋቋሙት ኤዲ ሲንግልተንና ሞታውንን ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ የነበረችው ሬይኖማ ጎርዲ ናቸው። ዘ ኮሽንስ፣ ዘ ካይሮስ፣ ጄ.ዲ. ብራያንት፣ ኤዲ ዴይና ፎር ባርስ የዘፈኑት እዚያ ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች ከሶል አሳታሚዎች ሁሉ ብርቁ ይሉታል። ያልተሸጠው ክምችቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በኤፕሪል 1968 በተነሳው ረብሻ ወደመ እየተባለም ይነገራል። ያኔ ከተቃጠሉት መንገዶች አንዱ ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ዩ ስትሪት ነው። የዚያ ዘመን የከተማው ነዋሪዎች ሸክላ አሁንም በኢስቴት ሴል (የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ) እና በቤተ ክርስቲያን ባዛር ይወጣል። ወደ ኢስቴት ሴል በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሂዱ፤ ሸክላ ካልታየ «ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 45ቱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከአልበሞቹ ተለይቶ በትንሽ ሳጥን ነው።

ባዶውን ቀለበት ማንበብ

ሸክላውን መብራት ሥር አዘንብላችሁ ያዙት። ዘፈኑ ካለቀበት እስከ ወረቀቱ ጫፍ ባለው አንጸባራቂ ቀለበት ላይ ቁጥርና ምልክት ታያላችሁ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ምልክቱ ደግሞ ሸክላው ያለፈባቸውን እጆች ይናገራል። ሦስት ማዕዘንና አጠገቡ ቁጥር ካለ የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ነው። ኤ፣ አር እና ፒ የተባሉት የላቲን ፊደላት ተያይዘው በማኅተም ከተመቱ በሚሺጋን ኦዎሶ የነበረው ማተሚያ ነው። ይህ ማተሚያ በ1972 ስለተቃጠለ ምልክቱ ያለበት ቅጂ ከዚያ በኋላ ሊታተም አይችልም። «ቤል ሳውንድ» የሚል ማኅተም የኒውዮርክ ስቱዲዮ፣ «ናሽቪል ማትሪክስ» የሚለው ደግሞ የናሽቪል ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚናገሩት ሸክላው የሚታተምበት ዋናው ቅርጽ የት እንደተዘጋጀ ነው፤ ዘፈኑ እዚያ ተቀዳ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ሸክላው የተሠራበትን ነገር ለዩ። ባለ 45 ሸክላ ቪኒል ወይም ስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ስታይሪን ድርቅ ያለ ነው፤ በጥፍር ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ቀጭን፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ወረቀቱም ከላይ በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ አንዳንዴ ጫፉ ይነሳል። ቪኒል ለስለስ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ከሸክላው ጋር አብሮ የተጨመቀ ነው። ይህን መለየት የሚጠቅመው ጉዳታቸው ስለሚለያይ ነው። ቪኒል በሙቀት ይጣመማል፤ ስታይሪን ደግሞ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ በከባድ ወይም ባለቀ መርፌ ከተጫወተ ቶሎ ይበላል። በተለይ የሬዲዮ ጣቢያ ቅጂ ላይ የዘፈኑን መነሻ ለማግኘት ሸክላው ከመርፌው ሥር ወደፊትና ወደኋላ ይሽከረከር ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይበላሉ። እዚያ ላይ እንደሚጠበስ ሥጋ የሚንጫጫ ድምፅ ከሰማችሁ ማጠብ አያድነውም፤ የድምፁ መስመር ራሱ ተበልቷል። ስታይሪን ለዐይን እንደ አዲስ እያብረቀረቀ ሊበላ ስለሚችል ሳይሰሙ መግዛት አደገኛ ነው።

ፎርጅዱን ከዋናው መለየት

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተፈላጊዎቹ ሸክላዎች ያለፈቃድ ሲታተሙ ኖረዋል። የፍራንክ ዊልሰን ዘፈን ራሱ «ኤዲ ፎስተር» በሚል ስም ተባዝቷል። ዋናው ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ስለሚታተም ስህተቱ የሚታየው በትንንሾቹ ፊደላት ላይ ነው፦ የዘፈኑ ርዝመትና «ቢኤምአይ» የሚለው የደራሲዎች ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅት ስም ይደፈናል ወይም ጫፉ ይደበዝዛል። የባዶው ቀለበት ምልክትም ይጠፋል፤ ዋናው ላይ የማተሚያ ማኅተም ያለው ሸክላ ፎርጅዱ ላይ በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። ሆኖም በእጅ መጫሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የትንንሽ አሳታሚዎች ዋና ቅጂም በእጅ የተጫረ አለ። ስለዚህ ዲስኮግስ ወይም 45ካት በተባሉት የሸክላ መረጃ ድረ ገጾች ላይ ከተረጋገጠ ቅጂ ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሌላው ፈተና በጆሮ ነው። ሸክላው ጭረት የሌለበት ሆኖ የመንጫጫት ድምፅ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ጀምሮ አብሮ ካለቀ የተቀዳው ከስቱዲዮው ዋና ቴፕ ሳይሆን ከሌላ ሸክላ ነው።

ዋጋ ለማወቅ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቱ፤ የዲስኮግስ የሽያጭ ታሪክና የጨረታ ዋጋ የሚመዘግበው ድረ ገጽ ፖፕሳይክ ለዚህ ይረዳሉ። በተለመደው የጎልድማይን መጽሔት ደረጃ አሰጣጥ፣ እንደ አዲስ የሆነው ሸክላ 100 ዶላር ቢያወጣ ቀጣዩ ደረጃ «ቪጂ ፕላስ» 50፣ ከሱ በታች ያለው «ቪጂ» 25 ገደማ፣ በጣም ያረጀው «ጂ» ደግሞ ከ10 እስከ 15 ያወጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የባዶውን ቀለበት ፎቶ፣ የመጀመሪያዎቹን 15 ሰከንዶች ድምፅና ስንጥቅ ስለመኖሩ ግልጽ መልስ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ድምፅ አይነካም፤ ለሚያዳምጥ ሰው ጥሩ ቅናሽ ነው።

እጥበትና አጨዋወት

አንድ ሊትር ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ውስጥ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ሳሙና ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ስለሚተው አይሆንም። በለስላሳ ብሩሽ መስመሩን ተከትላችሁ በክብ እሹ፤ ወረቀቱን አታርጥቡ። ከዚያ በንጹሕ ዲስትልድ ውሃ አለቅልቁና ክር በማይተው ጨርቅ አድርቃችሁ ለጥቂት ሰዓት አቁሙት። አልኮል ለቪኒል በጥቂቱ ይጨመራል፤ ለስታይሪን ግን ተዉት፤ የድሮዎቹን ባለ 78 ሸክላዎች ደግሞ ያሟሟቸዋል።

መርፌው ላይ የሚያርፈው ክብደት አምራቹ ካዘዘው አይለፍ፤ ለቤት ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም አካባቢ ነው። የ1960ዎቹ ባለ 45 አብዛኛው ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር የተቀዳ) ስለሆነ ማጉያችሁ ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ ከቆሻሻው ድምፅ ብዙው ይወርዳል። ሸክላ ተደራርቦ ሳይሆን ቆሞ ይቀመጣል። የፒቪሲ ሽፋን ከጊዜ በኋላ ሸክላውን ስለሚያደበዝዝ ወረቀት ወይም ፖሊኢትሊን ተጠቀሙ።

ከስሙ ጀርባ ያለው ሰው

የገዛችሁት ሸክላ ዘፋኝ ማን እንደሆነች ካላወቃችሁ ሥራው ግማሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ገልብጡ፤ በቅንፍ ያለውን ደራሲ፣ አቀናባሪውን፣ አዘጋጁን፣ የዘፈኑን መብት የያዘውን ድርጅት ጭምር። የዘፋኝ ስም ብዙ ጊዜ የመድረክ ስም ነው። በ1968 ማላ በተባለ መለያ «ታይም ዊል ፓስ ዩ ባይ»ን የዘፈነችው «ቶቢ ሌጀንድ» በሌሎች ሸክላዎች ላይ የምትታወቀው የዲትሮይቷ ቶቢ ላርክ ናት። ዘፈኑ ዊጋን ካሲኖ ውስጥ ሌሊቱን ከሚዘጉት ሦስት ዘፈኖች አንዱ ሆኖ ነበር። በመድረክ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ቶሎ ይዘጋበታል። ደራሲው ግን ገንዘብ ስለሚከፈለው ብዙ ጊዜ በእውነተኛ ስሙ ይመዘገባል፤ የቢኤምአይና የመሰሉ ድርጅት የአስካፕ የመረጃ ቋቶች ላይ ዘፈኑን በርዕሱ ፈልጉ። ከዚያ የዘመኑን የቢልቦርድና የካሽ ቦክስ መጽሔቶች ቅጂ በኢንተርኔት አገላብጡ፤ የአዲስ ሸክላ ማስታወቂያው የአሳታሚውን አድራሻና የሚወጣበትን ሳምንት ይሰጣችኋል። የከተማው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ደግሞ የምሽት ክበብ ማስታወቂያና የሞት ዜና አለ።

ዘፋኙ በሕይወት ካሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሸክላ ቀርቶልዎታል?» መሆን የለበትም። ብዙዎቹ ከዘፈኑ ሳንቲም አላገኙም፤ ሰብሳቢ በሺዎች እየተቀባበለ ለእሳቸው ምንም አለመድረሱን ሲሰሙ የሚሰማቸው ሐዘን እውነተኛ ነው። የሚጠቅማቸውን ይዛችሁ ሂዱ። በአሜሪካ የዲጂታል ሬዲዮ ክፍያ የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ ከሚያከፋፍለው ገንዘብ 45 በመቶው ለዋናው ዘፋኝ ነው፤ ከ1972 በፊት የተቀዱ ሥራዎችም በ2018 በወጣው ሕግ ውስጥ ገብተዋል። ገንዘቡ እንዲደርሳቸው መመዝገብ ስላለባቸው ከፈቀዱ ቅጹን አብራችሁ ሙሉ። ከዚያ በኋላ፣ ድምፃቸውን ለመቅዳት አስፈቅዳችሁ፣ ሸክላውን አጫውቱላቸውና ከኋላ የሚቀበሉት እነማን እንደሆኑ፣ ከበሮውን ማን እንደመታ፣ ስቱዲዮው የትኛው መንገድ ላይ እንደነበር አንድ በአንድ ጠይቁ። የሸክላ ወረቀት የተቀባዮችን ስም አይጽፍምና መልሱን ከሸክላው ቁጥርና ከቃለ ምልልሱ ቀን ጋር ጽፋችሁ ከሽፋኑ ጋር አኑሩ፤ ቅጂውንም ለቤተሰቡ ስጡ።