ጎንደር ከነቤተሰባችሁ ስትመጡ ፕሮግራም እንዴት ታወጣላችሁ (ተራራ ካልወጣሁ ለሚሉትም ጭምር)

ጎንደር ሊመጣ ያሰበ ዘመድ ወይ ጓደኛ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "በሁለት ቀን ምን ምን እናያለን?" ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ ማን ማን እንደሚመጣ ንገሩኝ እላለሁ። ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ የአምስት ዓመት ልጅ እና ራስ ዳሸን ጫፍ ካልቆምኩ የሚል ጎረምሳ አንድ መኪና ውስጥ ተጭነው ከመጡ አንድ ፕሮግራም ለሁሉም አይሆንም፣ አይሆንም በቃ። ስለዚህ የጋራውን ፕሮግራም በደካማው አቅም አውጡት፣ ለጠንካራው ደሞ የራሱን ቀን ለብቻው ስጡት። ሌላው በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያዙ። ግንቡን፣ ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ መዋኛውን በአንድ ቀን ጨርሰው ማታ የሚሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ልጆቹን ምን አያችሁ ስትሏቸው "ድንጋይ" ነው የሚሏችሁ። ያሳዝናል እኮ።

መቼ እንምጣ ለሚለው፣ የቤተሰብ ትልቁ ችግር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት መሆኑ ነው፣ እኛ ጋ ደሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚጠናበት ወቅት ነው። ከተማውን ለማየት ብቻ ከሆነ በክረምትም ይቻላል፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ ገለጥ ስለሚል ጉብኝታችሁን እስከ ምሳ ጨርሳችሁ ከሰዓት ቡና እየጠጣችሁ ዝናቡን ታሳልፋላችሁ። ሰሜን ተራራ ግን በነሐሴ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገደሉ ጉም ይለብሳል፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድታችሁ ነጭ ነገር ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በኔ አስተያየት ምርጡ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱም ገና አልጠናም። ልጆች ያሏችሁ በዚህ ሰዓት ካልቻላችሁ ጥር ላይ ጥምቀትን ወይም የሴሚስተር እረፍቱን ተጠቀሙ።

ጥምቀት ግን ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል። ሆቴል ከወራት በፊት ካልያዛችሁ ወይ አታገኙም ወይ ዋጋው ሌላ ነው የሚሆነው፣ የአውሮፕላን ቲኬትም እንደዛው። ጥር 10 ከተራ ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፣ ሌሊቱን ማህሌቱና ቅዳሴው ሲደርስ ያድራል፣ ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ከግድግዳው ላይ እየዘለለ ይገባል። ትንንሽ ልጅ ያላችሁ ከተራውን መንገድ ዳር ሆናችሁ ማየቱ በጣም ይሻላችኋል፣ ምንጣፉ እየተነጠፈ፣ ወጣቱ እየጨፈረ፣ ካህናቱ በጥላና በጥንግ ድርብ ሲያልፉ ልጆቹ በቅርብ ያያሉ፣ ከፈለጋችሁም በማንኛውም ሰዓት ወደ ኋላ መውጣት ትችላላችሁ። የ11 ጠዋት ግፊያ ግን ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። የልጁ ኪስ ውስጥ ስሙንና የናንተን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ክተቱ፣ ሰዉ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅም ከተጠፋፋን የምንገናኘው እዚህ ጋ ነው ብላችሁ ቀድማችሁ ቦታ አሳዩ።

አሁን ወደ ከተማው እንግባ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፋሲል ግንብ ይሁን፣ ፀሐይ ሳይከር ግቡ፣ ግቢው ሰፊ ነው ጥላ ደሞ በሁሉም ቦታ የለም። ጋይድ ያዙ፣ ሲጀመር ግን ልጆች እንዳሉ ንገሩትና የነገሥታቱን ዝርዝር ትቶ ታሪክ እንዲያወራላቸው ጠይቁት። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ከሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት እየተከታተሉ የየራሳቸውን ግንብ እዛው ግቢ ስለጨመሩ እየዞራችሁ ስትሄዱ ከአባት ወደ ልጅ ወደ ልጅ ልጅ እያለፋችሁ ነው ማለት ነው፣ ልጆች ይህን ሲረዱ ይጓጓሉ። የአንበሳ ቤቶቹን እንዳታልፏቸው፣ ለልጅ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው። ከፍ ላሉት ደሞ የፈረሱትን ግንቦች አሳዩና በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ግቢውን መቀመጫቸው አድርገውት እንደነበርና እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1941 በአውሮፕላን እንደደበደቡት ንገሯቸው፣ ለምን ጣሪያ የለውም ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የመዘገበው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል፣ ከዛ ፒያሳ ወጥታችሁ ጁስ ጠጡ፣ ምሳ ብሉ፣ ተኙ። አዎ ተኙ፣ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ለሚመጣ የመጀመሪያው ቀን ይደክማል።

አመሻሽ ላይ ፋሲል መዋኛ ጥሩ ነው። ከጥምቀት ውጪ ብዙ ጊዜ ውሃ የለውም፣ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው፣ ስለዚህ "ባዶ ጉድጓድ አሳዩን" እንዳይሏችሁ ቀድማችሁ አስረዷቸው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን አጥሩ ነው፣ የዛፎቹ ሥር ከግንቡ አናት ላይ ወርዶ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፣ የትኛው የትኛውን እንደያዘ አይለይም። ልጆች እዛ ጋ ፎቶ ሲነሱ መመለስ አይፈልጉም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለብቻው ሌላ ጠዋት ስጡት። አፄ ኢያሱ ናቸው ያሠሩት፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተው ይሄ ተርፏል፣ ንብ ወጥቶ ነው ያባረራቸው ይላል ያገሬው ሰው። ጫማ ስለሚወለቅ ለልጆች ቶሎ የሚወልቅ ጫማ አድርጉላቸው፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ ጠብቁ። ከገባችሁ በኋላ አትቸኩሉ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ጣሪያውን ተመልከቱ፣ መላው ጣሪያ የመላእክት ፊት ነው፣ ክንፍ ያላቸው ትልልቅ ዓይን ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ፣ ቀስ ብላችሁ ስታዩት ዓይናቸው አንድ ቦታ እንደማያይ ትረዳላችሁ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ። ልጆቹን ቁጠሩ በሏቸው፣ ተከራክረው ሳይስማሙ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እናንተም በዛው ግድግዳውን ተረጋግታችሁ ታያላችሁ። ፍላሽ መጠቀም አይፈቀድም፣ ሥዕሉን ይጎዳዋል። ጊዜ ከተረፋችሁ ቁስቋም ሂዱ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ነው፣ ሰው ስለማይበዛበት ጸጥ ያለ ነው፣ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ግን አቅም የሌለውን ሰው በባጃጅ አድርሱት።

ከከተማ ወጣ ማለት ከፈለጋችሁ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ በደባርቅ መንገድ ወለቃ እና ኮሶዬ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረች ናት፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ ሸክላው ግን መንገድ ዳር አሁንም ይሸጣል። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቆላውን ቁልቁል ታዩታላችሁ፣ ጭላዳ ዝንጀሮም ልታገኙ ትችላላችሁ። ተራራ መውጣት ለማይችሉ ወላጆች ሰሜንን ባጭሩ ማሳየት ማለት ኮሶዬ ነው፣ ደርሶ መልስ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሌላው ጎርጎራ ነው፣ ጣና ዳር፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች አይታችሁ ትኩስ ዓሣ በልታችሁ ትመለሳላችሁ፣ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርትም አለ፣ ማደር ለሚፈልግ። ልጆቹን ግን ሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ እንዳታስገቧቸው፣ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል ከውሃ የሚይዝ በሽታ አለ፣ ማታ ደሞ ትንኝ ስላለ አጎበር ወይ የሚቀባ ነገር ያዙ።

አሁን ሰሜን ተራራ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ላይ ስለሆነ እዛ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ጋይድና ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት። መታወቂያ አትርሱ፣ የኢትዮጵያዊ ዋጋና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያያል።

ትንንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ማደሩን ደባርቅ አድርጉና ማለዳ ቡይት ራስና ሳንቃበር ድረስ ብቻ ግቡ። ማለዳ የምለው በምክንያት ነው፣ ጭላዳዎቹ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፣ ጠዋት ወደ ላይ ይወጡና ፀሐይ እየሞቁ እርስ በርስ ይፈታተሻሉ፣ ከዛ ሣር ይግጣሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሲግጡ ዝም ብላችሁ ራቅ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሣሩ ሲነጭ ድምፁ ሁሉ ይሰማችኋል፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው፣ ጸጉሩ እንደ ካባ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የሉም ብላችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። ምግብ እንዳትሰጧቸው፣ ልጆቹም እንዳያባርሯቸው፣ ከሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ መጨረሻው ጥሩ አይሆንም። ይሄን ብቻ አይታችሁ ብትመለሱም ልጆቹ አይረሱትም፣ እመኑኝ።

ጎረምሶቹና መራመድ የሚወዱት ግን ይቀጥሉ። የተለመደው ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ አድርጎ ጨነቅ ነው፣ በየካምፑ እያደሩ። በመንገድ የጅንባር ፏፏቴን ያያሉ፣ ከክረምት በኋላ ውሃው ሲበዛ ነው የሚያምረው። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው፣ ሦስት በኩል ገደል ነው፣ ከፎቶ ላይ ታውቁታላችሁ ግን ፎቶው አይገልጸውም። ዋልያ ለማየት ጨነቅ ይሻላል፣ ዋልያ በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነው ያለው። ዕድለኛ የሆነ ቀይ ቀበሮም ያያል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከጨነቅ ወዲያ ተጨማሪ ቀናትና ጥሩ ጉልበት ስለሚጠይቅ ፕሮግራማችሁ አጭር ከሆነ እሱን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ግጭ ላይ ተረጋግታችሁ እደሩ።

ከፍታውን አትናቁት። ከ3,000 በላይ ስትወጡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፣ ጎበዝ ስፖርተኛውንም ይይዛል። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት፣ አልኮል መተው። ከባሰበት መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፣ "ትንሽ ብትጸና" እየተባለ ሰው ወደ ላይ አይጎተትም፣ በተለይ ልጅ ስሜቱን በደንብ ስለማይናገር ዝም ካለና መብላት ካስጠላው ቶሎ ውረዱ። ማታ ማታ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል፣ ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ጋቢ ካላችሁማ ከየትኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። ቀን ደሞ ፀሐዩ ይልጣል፣ ሰንስክሪን ያስፈልጋል። የወንዝ ውሃ አፍልታችሁ ካልሆነ አትጠጡ።

በቅሎ፣ ድንኳን፣ አብሳይ ደባርቅ ላይ ይገኛል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ምን ምን እንደሚያካትት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ የስካውቱ ምግብ በማን ነው፣ ባለበቅሎው ባዶውን የሚመለስበት ቀን ይታሰባል ወይ (መታሰብ አለበት፣ እሱም መንገድ ነው የሚሄደው)፣ መኪናው የት ይጠብቃል። ይሄ ቀድሞ ካለቀ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ፓርክ ውስጥ ባንክም ኤቲኤምም ስለሌለ ጥሬ ብር፣ ዝርዝሩንም ጭምር፣ ከጎንደር ይዛችሁ ውጡ። ፓወር ባንክም።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም አረጋግጡ። ክልላችን ያለበት ሁኔታ ይታወቃል፣ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ሰው ጠይቃችሁ አትተማመኑ፣ ሆቴላችሁን፣ በዛ መስመር የሚሠራ ሹፌርና ደባርቅ ያለውን የፓርክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጧችሁ ሂዱ። በጨለማ አትንዱ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ቤተሰብ ከያዛችሁ በአውሮፕላን ይሁን፣ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ አዘዞ ነው የምታርፉት። ደባርቅ ካልተቻለ ልጆቹ እንዳይከፋቸው ከመነሳታችሁ በፊት ሁለተኛ አማራጭ ይኑራችሁ፣ ከተማው ራሱ ሦስት ቀን አይሰለችም።

የመጨረሻውን ቀን ግማሹን ባዶ ተዉት። ቅዳሜ ከሆነማ ገበያ ውጡ፣ እናቶች በርበሬውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ማሩን እያሸተቱና እየቀመሱ ሲገዙ ልጆቹም አብረው ይዙሩ። ማር በጣሳ ወይ በላስቲክ ገዝታችሁ በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ በደንብ አሽጋችሁ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ በእጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፍተሻው ላይ ይቀራል።