ዋሽንግተን ዲሲን ለመጎብኘት ስታቅዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርን ወዲህ ሰመር በመጣ ቁጥር ቤታችን እንግዳ አያጣም። ከአዲስ አበባም፣ ከደብረ ብርሃንም፣ ከዳላስና ከሲያትልም ዘመድ ይመጣል። ሻንጣው ሳይፈታ "ዲሲን መቼ ነው የምታሳየን?" ይጀመራል። እኔም ማሳየት ደስ ይለኛል፤ ከተማዋን እወዳታለሁ። ዋና ዋናዎቹ የሚጎበኙ ቦታዎችም የመግቢያ ገንዘብ አይጠይቁም። እንግዶቼ ሲመጡ የሚያስጨንቃቸው ወጪው ነው። ጉብኝታቸውን ሲያበላሸው ያየሁት ግን ቀድሞ ያልተያዘ ትኬት፣ ያለ ወሩ የተቆረጠ ቀን እና ገና ከሰዓት ሳይደርስ የዛለ እግር ነው። ስህተቶቹ በየዓመቱ ስለሚደጋገሙ ለሚቀጥሉት እንግዶች ብዬ ጻፍኳቸው።

"ነጻ ነው" ሲባል "በሩ ክፍት ነው" ብሎ መረዳት

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች አንዳቸውም መግቢያ አያስከፍሉም። ተቋሙ የተመሠረተው በ1846 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ጀምስ ስሚዝሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በተናዘዘው ሀብት ነው። ሰውየው አሜሪካን በዓይኑ ሳያይ ነው የሞተው። ይህን ስጦታ ለማየት ግን አንዳንዶቹ ሙዚየሞች ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ትኬት ይፈልጋሉ። የአየርና የጠፈር ሙዚየሙ አንዱ ነው፤ በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ሌላው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ የሰዓት ትኬት አለው። ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ካልያዛችሁ ግን ከደጅ ትመለሳላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ከአትላንታ ድረስ መኪና ነድተው የመጡ ዘመዶቻችንን ይዤ አንድ ሙዚየም በር ላይ ደረስኩ። ትኬቱን እነሱ የያዙ መስሎኛል፤ እነሱም እኔ የያዝኩ መስሏቸዋል። የዕለቱ ትኬት አልቋል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የመስታወቱን በር በሁለት እጁ ተደግፎ ወደ ውስጥ ያያል፤ እናቱ ከዚያ ልትነቅለው አልቻለችም። በማግስቱ እሑድ ወደ አትላንታ መመለስ ነበረባቸው።

ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት በቆረጣችሁ ሳምንት የሙዚየሞቹን ድረ ገጽ ክፈቱና ትኬት መቼ እንደሚለቀቅ እዩ። ቀደም ብሎ የሚለቀቀው ካመለጣችሁ ጥቂት ትኬት በዕለቱ ጠዋት በኢንተርኔት ይወጣል፤ ስልክ ይዞ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ በሊፍት ለመውጣትም ትኬት ያስፈልጋል። ቀድሞ በኢንተርኔት ለመያዝ የአንድ ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ ጠዋት ሐውልቱ አጠገብ ባለችው ቢሮ ተሰልፎ መውሰድ ግን በነጻ ነው። 169 ሜትር የሚረዝመውን ሐውልት ከታች ቀና ብላችሁ ስታዩት ከአንድ ሦስተኛው በታች የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል። ግንባታው ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ሲቀጥል ድንጋዩ የመጣው ከሌላ ቦታ ነበር።

ትኬት ላጣም አንድ መፍትሔ አለ። የአየርና የጠፈር ሙዚየሙ ሁለተኛ ቤት ቨርጂኒያ ውስጥ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ ነው፤ እዚያ የመግቢያ ትኬት አያስፈልግም፣ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ጠፈር ደርሳ የተመለሰችው ዲስከቨሪ መንኮራኩርና ኮንኮርድ አውሮፕላን እዚያ ናቸው። ልጅ ካላችሁ እኔ ከመሀል ከተማው ይልቅ ይሄንን እመርጥላችኋለሁ።

ኋይት ሀውስን በእቅዱ መሀል ማስቀመጥ

ውስጡን ለማየት አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ በኮንግረስ ተወካዩ ቢሮ በኩል፣ ከውጭ አገር የመጣ ደግሞ ዲሲ ባለው ኤምባሲው በኩል ሳምንታት ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ቢፈቀድም ሊሰረዝ ይችላል። ጠይቁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ በእሱ ላይ አትገንቡት። የኮንግረስ መቀመጫ የሆነውን ካፒቶልን መጎብኘት ግን ቀላል ነው፤ አስጎብኚ አለው፣ ነጻ ነው፣ ቦታ በኢንተርኔት ይያዛል። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ስለማይቻል ውኃ የያዘ ፕላስቲካችሁን በር ላይ ትጥሉታላችሁ።

ካርታውን አይቶ "ቅርብ ነው" ማለት

ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው ሜዳ፣ ናሽናል ሞል የሚሉት፣ ካርታ ላይ አንድ መዳፍ ያክላል። በእግር ግን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሙዚየሞቹ ውስጥ የምትዞሩት ሳይቆጠር። ሁሉም ነገር ግዙፍ ስለሆነና መሀሉ ባዶ ሜዳ ስለሆነ ዓይን ይሳሳታል።

አክስቴ ከደብረ ብርሃን የመጣች ዓመት ጠዋት ካፒቶልን አይተን በእግር ተነሳን። ጉልበቷን እንደሚያማት አውቃለሁ፤ "ያውና፣ እዚያ ድረስ ብቻ ነው" እያልኩ ወሰድኳት። ግማሽ ሰዓት ሄደን ሐውልቱ ያው ነው፤ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና "ልጄ፣ ይኼ ነገር ስንቀርበው ይሸሻል እንዴ?" አለችኝ። አግዳሚ ወንበር ፈልገን አስቀመጥኳት፤ ሊንከንን ያን ቀን አላየችም። የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናትም ከቤት አልወጣችም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሜዳውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ከካፒቶል ጀምሮ እስከ 14ኛ ጎዳና ያለው የሙዚየሞች ሰፈር ነው፤ ጠዋት ለእሱ። ከዋሽንግተን ሐውልት ወዲያ ያሉት መታሰቢያዎች፣ ማለትም ሊንከን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ የቬትናምና የኮሪያ ጦርነት፣ ጣራና በር ስለሌላቸው ወይም ሌሊቱን ሁሉ ክፍት ስለሆኑ ፀሐይ ሲበርድ፣ በሌላ ቀን ማምሻውን። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ እዚያ ድረስ በኡበር እንሄዳለን። የሊንከንን ደረጃ ስትወጡ ዶክተር ኪንግ ነሐሴ 28 ቀን 1963 ቆሞ የተናገረበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ሳያየው ረግጦት ያልፋል።

በአንድ ቀን አራት ሙዚየም

ሁለት ይበቃል። የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። የታሪኩ ክፍል ከመሬት በታች ስለሚጀምር በሊፍት ወርዳችሁ ከባርነት ዘመን ተነስታችሁ ወደ ላይ መውጣት ነው ያለባችሁ። ከዚያ የወጣ ሰው ዝም ማለት እንጂ ሌላ ሙዚየም መግባት አያምረውም። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን ለሌላ ቀን አድርጉት፤ ትኬት አይጠይቅም። ልጆች ወደ ዳይኖሰሩ ይሮጣሉ፤ እናንተ ግን ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚተርከውን አዳራሽ እንዳትዘሉት፤ ድንቅነሽ ስለወጣችበት ዘር የሚናገር ክፍል አለው፣ የዘሩ ፊትም ምን ይመስል እንደነበር በባለሙያ ተሠርቶ ቆሟል። አጽሟ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ይህን ለልጆቻችሁ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው።

ሐምሌና ነሐሴን መምረጥ

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ብዙ ሰው ምርጫ የለውም፤ ይገባኛል። ምርጫ ያላችሁ ግን አትምጡ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው "ይሞቃል" ስንለው አዋሽን ወይም ድሬዳዋን ያስባል። የዲሲው ሙቀት እርጥበት ያለው ነው፤ ላብ አይደርቅም፣ ጥላም አያስታግስም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንገት ነጎድጓድ ይመጣል። የግድ ከሆነ ጠዋት በሁለትና በሦስት ሰዓት ውጡ፤ ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሙዚየም ውስጥ ሁኑ።

የቼሪ አበባውን ለማየት የሚመጡም አሉ። ቶኪዮ በ1912 የላከቻቸው ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ዛፎች የጀመሩት ነገር ነው፤ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ታይዳል ቤዝን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ነጭና ሮዝ ይሆናል። ያምራል፤ ግን ሙሉ ለሙሉ የሚፈካው ለጥቂት ቀናት ነው፣ ቀኑም በየዓመቱ ይለያያል፣ የሆቴል ዋጋም ያኔ ይሰቀላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥቅምትን እመርጣለሁ።

የአድራሻውን መጨረሻ ሁለት ፊደል መተው

ፒየር ላንፋን የተባለው ፈረንሳዊ በ1791 ከተማዋን ሲነድፍ ካፒቶልን መሀል አደረገው። ከዚያ ከተማዋ ኖርዝ ዌስት (NW)፣ ኖርዝ ኢስት (NE)፣ ሳውዝ ዌስት (SW)፣ ሳውዝ ኢስት (SE) ተብላ በአራት ተከፈለች። ጎዳናዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ በቁጥር፣ ወደ ሌላው በፊደል ይሄዳሉ። ጉዱ ምንድን ነው፣ ያው ቁጥርና ያው ፊደል በአራቱም ክፍል ሊገኝ ይችላል። እኛ አዲስ አበባ ላይ "ከፋርማሲው ፊት ለፊት" እየተባባልን ስላደግን እነዚያን ሁለት ፊደላት እንደ ጌጥ ነው የምናያቸው። የአጎቴ ልጅ ዩ ስትሪት አካባቢ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ስንጠብቀው "ደርሻለሁ፣ ግን ምንም ምግብ ቤት የለም" ብሎ ደወለ። ኖርዝ ዌስት መጻፍ ሲገባው ኖርዝ ኢስት ጽፎ ነበር። ክትፎው ቀዝቅዞ ጠበቀው።

ከጠፋችሁ ደግሞ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ባይቀናችሁም አትስጉ፤ በዚህ ከተማ በፓርኪንግ ቦታውም፣ በታክሲውም፣ በሆቴሉ በርም ላይ አማርኛ የሚመልስላችሁ ሰው የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። የከተማው አስተዳደር ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው።

መኪና ተከራይቶ መሀል ከተማ መግባት

የፓርኪንግ ምልክቱ አንድ ምሰሶ ላይ ሦስት አራት ተደራርቦ ይቆማል፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይከለክላል። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አንዳንድ ጎዳና ላይ የቆመን መኪና ጎትተው ይወስዱታል። የፍጥነት ካሜራውም ብዙ ነው፤ ቅጣቱ በፖስታ ስለሚመጣ ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው የምታውቁት።

ሜትሮ አለላችሁ። ለእያንዳንዱ አዋቂ የየራሱ ስማርትሪፕ ካርድ ያዙ፤ አንዱን ካርድ ተቀባብሎ መግባት አይቻልም። የሚከፈለው እንደ ርቀቱ ስለሆነ ስትገቡም ስትወጡም ካርዱን ታስነካላችሁ። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ ቆሎም ቢሆን። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል ቁሙ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። ቅዳሜና እሑድ የሐዲድ ጥገና ስለሚኖር ከመውጣታችሁ በፊት አፑን እዩ። ጆርጅታውን የሚባለው ሰፈር ጣቢያ የለውም፤ እዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ነው።

ኤርፖርቱን አለማረጋገጥ

ሦስት ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው፤ ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ግን የሜትሮው ሲልቨር መስመር ደርሶታል። ሬገን የፖቶማክን ወንዝ እንደተሻገራችሁ ያለው ነው። ቢደብሊውአይ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለባልቲሞር የቀረበ ነው። ትኬቱ ርካሽ ሆኖ ያገኛችሁት ኤርፖርት ሊቀበላችሁ ከሚመጣው ሰው ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ።

ሜኑ ላይ ባየው ዋጋ ማስላት

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የለበትም። ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ላይ አሥር በመቶ ታክስ ይጨመራል፤ ከዚያ ቲፕ፣ አሥራ ስምንት ሃያ በመቶ። ሰርቪስ ቻርጅ ብለው አስቀድመው የሚደምሩም ስላሉ ደረሰኙን ሳታነቡ ድጋሚ እንዳትከፍሉ። የሆቴል ታክሱም ቀላል አይደለም። ሌላም አንድ ነገር አለ፦ ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከተቋረጠ ሙዚየሞቹ ሊዘጉ ይችላሉ፤ በ2013ም በ2025ም ሆኗል። የምትመጡበት ሳምንት ወሬው ካለ ትኬት ያላችሁ ቢሆንም አጣሩ።

የራሳችንን ሳያዩ መመለስ

ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የአርሊንግተን መቃብር ላይ የኬኔዲ መቃብር አለ። በ1963 ቀብራቸው ላይ ከተገኙት መሪዎች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ በር ላይ ይጠየቃል።

ከሊንከን መታሰቢያ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ አለ። የዝናብ ካፖርት የደረቡ 19 የብረት ወታደሮች በቁጥቋጦ መሀል ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ እነሱን ፎቶ ያነሳና ያልፋል። በሰሜን በኩል ባለው መንገድ ጠርዝ፣ መሬት ሊነካ በቀረበ ዝቅተኛ ግራናይት ላይ፣ በጦርነቱ የተሳተፉ 22 አገሮች ስም በእንግሊዝኛ ተቀርጿል። ከነሱ አንዱ ኢትዮጵያ ነው፤ ለቃኘው ሻለቃ ልጆች። አጎቴን ባለፈው ዓመት እዚያ ወሰድኩት፤ አባቱ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው። ተንበርክኮ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዝቅ ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ማታ አይታይም። ወደ መታሰቢያዎቹ ማምሻውን ስትሄዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጀመሪያ እዚህ ድረሱ።