መድኃኒቱ ፕሮቲኑን ይዟል ወይስ መስሎን ነው? የኤንኤምአር ችግሮችና መፍትሄያቸው

መድኃኒት ከፕሮቲን ጋር መያያዙን በኤንኤምአር (በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ የአተሞችን ምልክት በሚያነብ ዘዴ) ስናጣራ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ማሽኑ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ጥርጣሬያችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ነጥቦቹ በየቦታው ተንቀሳቀሱ

በናይትሮጅን-15 (ኤንኤምአር ላይ በደንብ በሚታይ የናይትሮጅን ዓይነት) የተሠራ ፕሮቲን አላችሁ። በኤችኤስኪውሲ ስፔክትረም (የተያያዙ የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶችን በነጥብ በሚያሳይ ካርታ) ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በአብዛኛው የአንድ አሚኖ አሲድ ነው። መድኃኒቱን ስትጨምሩ እዚህም እዚያም ያሉ ነጥቦች ቦታቸውን ለቀቁ። ለደስታ አትቸኩሉ። ፕሮቲኑ ቅርጹን ካልቀየረ በቀር፣ መድኃኒት በብዛት የሚነካው የተያያዘበትን ሰፈር ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፒኤችን፣ ማለትም የፈሳሹን የአሲድነት ልክ ነው። ብዙ መድኃኒቶች የሚመጡት በሃይድሮክሎራይድ ጨው መልክ ነው። መጠናቸው ሚሊሞላር ሲደርስ ቀጭን በፈር (ፒኤችን የሚያረጋጋ ፈሳሽ) አይችላቸውም። ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ አካባቢ ያሉ ነጥቦች ደግሞ በፒኤች 6 እና 7 መካከል ትንሽ ለውጥ ይበቃቸዋል። ቀጥሎ የሚጠረጠረው መድኃኒቱ የሟሟበት ዲኤምኤስኦ ነው፤ እሱም ብቻውን ነጥቦችን ያንቀሳቅሳል።

መፍትሄው፦ ፒኤቹን ቱቦው ውስጥ፣ መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊትም በኋላም ለኩ። ልዩነት ካለ የመድኃኒቱን ሙሙት አስተካክላችሁ እንደገና ጀምሩ። ከዚያ ያው ፕሮቲን፣ ያው የዲኤምኤስኦ መጠን፣ መድኃኒት ግን የሌለው ቱቦ አዘጋጁ። ንጽጽሩ ከዚህ ቱቦ ጋር ይሁን። ጊዜ የሚበላ ይመስላል፤ ያለ እሱ የመጣ ውጤት ግን እኔን አያሳምነኝም።

ነጥቦቹ ጠፉ

ቱቦውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ከደፈረሰ ፕሮቲኑ ወይም መድኃኒቱ እየዘቀጠ ነው፤ መጠኑን ቀንሱ። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ከጠፉ ግን ተስፋ አለው። መያያዝና መላቀቁ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሆን ነጥቦች ይሰፉና ከዓይን ይሰወራሉ። ሙቀቱን ቀይሩ፣ ወይም ፕሮቲኑ እስኪጠግብ መድኃኒት ጨምሩ። ብዙ ጊዜ በአዲስ ቦታ ብቅ ይላሉ።

ኤስቲዲ ዝም አለ

ኤስቲዲ ፕሮቲኑን በሬዲዮ ጨረር መትቶ ውጤቱ ወደ መድኃኒቱ መተላለፉን የሚያይ የኤንኤምአር ዘዴ ነው። ማየርና ሜየር እ.ኤ.አ. በ1999 ያስተዋወቁት ይህ ዘዴ የሚሠራው መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ ሲይዝና ሲለቅ ነው። በናኖሞላር ደረጃ (መጠኑ እጅግ ጥቂት ሆኖም እንኳ) አጥብቆ የሚይዝ መድኃኒት ስለማይለቅ ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ደካማ መሆኑ የሚታወቅ ሌላ ሊጋንድ (ከፕሮቲኑ ጋር የሚያያዝ ሞለኪውል) አስገቡ፣ ምልክቱን አንሱ፣ ከዚያ ጠንካራውን ጨምሩ። የደካማው ምልክት ከቀነሰ ጠንካራው ቦታውን ነጥቆታል።

ፕሮቲን በሌለበት ቱቦም ምልክት ከመጣስ? ጨረሩ መድኃኒቱን በቀጥታ እየመታው ነው፣ አለዚያም መድኃኒቱ እርስ በርሱ ተጠራቅሟል። ጨረሩን የመድኃኒቱ ፒኮች (የምልክት ጫፎች) ወደሌሉበት አሽሹ። ካልተለወጠ መድኃኒቱን አቅጥኑት።